ያልተከፈለ ዕዳና ኮሌክሽን ከክሬዲት ሪፖርት የሚወጣበትን ቀን ማወቅና ማስከበር

በአሜሪካ የምንኖር ሰዎች «ኮሌክሽን የገባ ዕዳ (ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት የተላለፈ ማለት ነው) በሰባት ዓመት ከክሬዲት ሪፖርት፣ ማለትም ከብድር ታሪካችን መዝገብ፣ ይወጣል» ሲባል ሳንሰማ አንቀርም። ሰባቱ ዓመት ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ሲጠየቅ ግን አንዱ ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት የተላለፈበትን ቀን፣ ሌላው ለመጨረሻ ጊዜ ገንዘብ የከፈለበትን ቀን፣ ሌላው ደግሞ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን ይጠራል። ሕጉ የሚለው ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። ቆጠራው የሚነሣው ክፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቋረጠበትና ከዚያ ወዲህ ውዝፉ ተከፍሎ ሒሳቡ ካልተስተካከለበት ቀን ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ አንድ ቀን ላይ ስለሆነ፣ ከአሁን በኋላ «መነሻ ቀን» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤቴ፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ በቡናማ ፖስታ ይዘውልኝ የመጡት ወረቀት ነው። ጊዜው የ2024 መጸው ነበር። ከዓመታት በፊት ከለቀቁት አፓርትመንት የቀረ የመብራት ሒሳብ በሪፖርታቸው ላይ ተቀምጦ፣ «አካውንቱ የተከፈተበት» በሚለው መስመር ላይ 2022 ይላል። እሳቸውም ሰባት ዓመት ጨምረው፣ እስከ 2029 ቤት መግዛት እንደማይችሉ አምነው ተቀምጠዋል። በፖስታው ውስጥ ግን የመብራት ኩባንያው የላከላቸው የመጨረሻ ቢል ነበር፤ ሦስት ጊዜ ታጥፎ እጥፋቱ ነጥቷል፤ መክፈያ ቀኑ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ነው። 2022 ሰብሳቢው ድርጅት ዕዳውን የገዛበት ዓመት እንጂ ሌላ አልነበረም። ያ መዝገብ እኛ ቁጭ ብለን ባነበብነው ሰዓት ከሪፖርቱ ላይ ከወጣ ወራት ሊሆነው ይገባ ነበር።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮች ይያዙልኝ። እዚህ የተጻፉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአሜሪካ ወረቀት ደግሞ ወሩን አስቀድሞ ቀኑን አስከትሎ ይጽፋልና፣ 04/09/2021 የሚለውን መስከረም 4 ብለው እንዳያነቡት፤ ሚያዝያ 9 ነው። በዚህ ስሕተት ብቻ የአምስት ወር ልዩነት ያለው ስሌት ሲሠራ አይቻለሁ።

የቆይታው ጊዜ በዕዳው ዓይነት

ጊዜውን የሚወስነው በ1970 የወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ ነው። ለኮሌክሽን የተላለፈ ዕዳና አበዳሪው «አይከፈልም» ብሎ ከመዝገቡ የሰረዘው፣ ማለትም ቻርጅ ኦፍ ያደረገው ሒሳብ፣ ሰባት ዓመት ይቆያል። ሕጉ ቆጠራውን ከመነሻው ቀን በኋላ 180 ቀን ሲሞላ እንዲጀምር ስለሚፈቅድ የመጨረሻው ወሰን ሰባት ዓመት ከስድስት ወር ገደማ ነው፤ ሪፖርቱን የሚያዘጋጁት ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒዮን፣ በተግባር አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ዓመቱን በቀጥታ ከመነሻው ቀን ይቆጥራሉ።

30 ቀንና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የተከፈለ ክፍያም ምልክቱ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ሒሳቡ በኋላ ከተስተካከለ ግን ጊዜው ሲደርስ የሚጠፋው የመዘግየቱ ምልክት ብቻ ሲሆን አካውንቱ ራሱ በመልካም ታሪኩ ይቀጥላል። ቻፕተር 7 በሚባለው ሕግ የተጠየቀ የኪሳራ ውሳኔ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ቻፕተር 13ን ቢሮዎቹ እንደተለመደው በሰባት ዓመት ያነሡታል። የፍርድ ቤት የዕዳ ውሳኔዎች ከሐምሌ 2017 ጀምሮ፣ የግብር ዕዳ ማስያዣዎች ደግሞ እስከ ሚያዝያ 2018 ባለው ጊዜ ከሦስቱም ቢሮዎች ሪፖርት ላይ ወጥተዋል። ከሪፖርቱ ወጡ ማለት ግን ውሳኔው ተሻረ ማለት አይደለም፤ ፍርዱ የማስፈጸም ኃይሉ እንዳለ ነው።

የሰባት ዓመቱ ገደብ 150,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ብድር፣ እንዲሁም በዓመት 75,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚከፈልበት ሥራ በሚጠየቅ ሪፖርት ላይ እንደማይሠራ ሕጉ ይናገራል። ቢሮዎቹ ግን ጊዜው ያለፈበትን መዝገብ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያነሡት ስለሆነ ይህ ልዩነት በተግባር እምብዛም አያጋጥምም።

ደረጃ 1፦ ሦስቱንም ሪፖርቶች ያውጡ

ሰብሳቢ ድርጅት ለአንዱ ቢሮ አሳውቆ ለሌሎቹ ሁለቱ ላያሳውቅ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ማየት አይበቃም። ሪፖርቱን በነፃ ለማውጣት በሕግ የተፈቀደው መንገድ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም የተባለው ድረ ገጽ ሲሆን፣ ከ2023 ጀምሮ እያንዳንዱን ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማየት በቋሚነት ተፈቅዷል። ኢንተርኔት የማይመቸው ሰው በ1-877-322-8228 ደውሎ በፖስታ እንዲላክለት መጠየቅ ይችላል። ስሙ የሚመሳሰል፣ የክሬዲት ካርድ ቁጥር የሚጠይቅና «ነፃ ሙከራ» የሚል ገጽ ካገኙ ይተዉት። በስልክ አፕሊኬሽን የሚታየው ስኮር (የክሬዲት ነጥብ) ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው ሙሉው ሪፖርት ነው። ሙሉውን ያትሙት ወይም ፋይሉን ያስቀምጡት፤ ያወጡበትንም ቀን በላዩ ላይ ይጻፉ።

ደረጃ 2፦ መነሻውን ቀን ይፈልጉ

በሪፖርቱ ላይ ከአንድ ዕዳ ሥር ብዙ ቀኖች ይደረደራሉ፤ ስሕተቱ የሚፈጠረውም እዚህ ነው። አካውንቱ የተከፈተበት ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ መረጃ የተላከበት ቀን፣ የመጨረሻው ክፍያ ቀን፣ ቻርጅ ኦፍ የተደረገበት ቀን ይኖራሉ፤ ከእነዚህ አንዳቸውም የመውጫውን ቀን አይወስኑም። የሰብሳቢ ድርጅት መዝገብ ከሆነ «የተከፈተበት ቀን» የሚለው ድርጅቱ ዕዳውን የተረከበበት ቀን ነው፤ ጎረቤቴንም ያሳሳታቸው ይኸው መስመር ነበር።

የሚፈልጉት መስመር ስሙ በየቢሮው ይለያያል። ኢኩዊፋክስ «ዴት ኦፍ ፈርስት ዴሊንኩዌንሲ» በሚል፣ ማለትም የመጀመሪያው መዘግየት ቀን ብሎ ይጽፈዋል። ትራንስዩኒዮን መነሻውን ከማሳየት ይልቅ መዝገቡ የሚነሣበትን ግምታዊ ወርና ዓመት ያስቀምጣል። ኤክስፒሪያንም በተመሳሳይ መንገድ መዝገቡ እስከ መቼ እንደሚቆይ ያሳያል። በሁለቱ ላይ መውጫውን ካገኙ፣ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀንሱ እነሱ የያዙትን መነሻ ቀን ያገኛሉ።

ከዚያ ይህን ቀን በእጅዎ ካለው ማስረጃ ጋር ያነጻጽሩ። የመጀመሪያው አበዳሪ የላከው የቆየ ቢል፣ ስቴትመንት፣ የባንክ ሒሳብዎ መግለጫ፣ አፓርትመንት ሲለቁ የተሰጠዎ የመጨረሻ ሒሳብ፣ ከሆስፒታል የመጣ ደብዳቤ፣ ሁሉም ይረዳሉ። ወረቀቱ ከጠፋብዎ ባንክዎን የዚያን ዘመን መግለጫ ይጠይቁ፤ ከዓመታት በፊት ያወጡት የክሬዲት ሪፖርት በኢሜይል ውስጥ ተቀምጦ ከሆነም እጅግ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱም ያኔ ተመዝግቦ የነበረውን መነሻ ቀን ያሳያል።

መነሻውን ቀን ሲወስኑ አንድ ነጥብ በጥንቃቄ ይዩ። ጥር ላይ ዘግይተው የካቲት ላይ ውዝፉን በሙሉ ከፍለው ቢያስተካክሉና ሰኔ ላይ እንደገና አቋርጠው በዚያው ከቀረ፣ መነሻው ሰኔ ነው። ጥር ላይ አቋርጠው መጋቢት ላይ የውዝፉን ከፊል ብቻ ከፍለው ሒሳቡ ሳይስተካከል ከቀረ ግን መነሻው ጥር እንደሆነ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ መውጫውን ቀን ያስሉ

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው የክሬዲት ካርዱን መጋቢት 10 ቀን 2021 መክፈል ሲገባው አልከፈለም፤ ከዚያም ወዲህ አላስተካከለም። ባንኩ መስከረም 2021 ላይ ቻርጅ ኦፍ አደረገው። በ2023 ዕዳው ለአንድ ዕዳ ገዢ ድርጅት ተሸጠ፤ በ2025 ያ ድርጅት ለሌላ ሸጠው። ሰውየው ለሁለተኛው ድርጅት 50 ዶላር ላከ። ይህ ሁሉ ሲሆን መነሻው መጋቢት 2021 እንደሆነ ነው፤ መዝገቡ በተለመደው አሠራር መጋቢት 2028፣ በሕጉ የመጨረሻ ወሰን ደግሞ መስከረም 2028 ላይ መውጣት አለበት። ዕዳው ሲሸጥ፣ ባለቤቱ ሲለወጥ፣ ከፊሉ ሲከፈል፣ ሙሉው ሲከፈል፣ በሪፖርቱ ላይ ያለው ቆጠራ እንደ አዲስ አይጀምርም። ባለዕዳው ጠቅልሎ አዲስ አበባ ቢገባም ቆጠራው አይቆምም።

አንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ማግኘትም የተለመደ ነው፤ አንዱ በባንኩ ስም ቻርጅ ኦፍ ተብሎ፣ ሁለተኛው በሰብሳቢው ስም። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ባንኩ ዕዳውን ከሸጠ በእሱ መዝገብ ላይ የሚታየው ቀሪ ዕዳ ዜሮ መሆን አለበት፤ ሁለቱም መዝገቦች የሚወጡት በአንድ መነሻ ቀን ተቆጥረው ነው። አንዱ 2028 ሌላው 2030 የሚል ከሆነ ሁለተኛው ወገን ቀኑን ወደፊት ገፍቶታል ማለት ነው፤ ይህም በሕግ የተከለከለ ነው።

ደረጃ 4፦ የሪፖርቱን ቆጠራ ከፍርድ ቤቱ ይርጋ ይለዩ

ይህን ክፍል በእርጋታ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ በወገኖቻችን ላይ ከባዱ ጉዳት ሲደርስ ያየሁት እዚህ ላይ ነውና። ሰባቱ ዓመት የሚወስነው ዕዳው በሪፖርት ላይ የሚታይበትን ጊዜ ብቻ ነው። አበዳሪው ወይም ሰብሳቢው ከስሶ ሊያስፈርድብዎ የሚችልበት ጊዜ ደግሞ በየስቴቱ ሕግ የሚወሰን ይርጋ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ይርጋው ሦስት ዓመት ነው፤ በቨርጂኒያ ለጽሑፍ ውል አምስት፣ በጽሑፍ ላልሆነ ሦስት ዓመት፤ በቴክሳስና ለጽሑፍ ውል በካሊፎርኒያ አራት፤ በሚኒሶታ ስድስት፤ በኒውዮርክ ለሸማቾች ብድር ከ2022 ወዲህ ሦስት ዓመት ነው። የክሬዲት ካርድ ውል አንዳንድ ጊዜ የሌላ ስቴትን ሕግ ስለሚመርጥ፣ ክስ ከመጣ ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው በሪፖርቱ ላይ ገና ሦስት ዓመት የሚቀረው፣ በፍርድ ቤት ግን ይርጋ ያገደው ዕዳ ሊኖረው ይችላል። ሚኒሶታ ውስጥ ሚኒያፖሊስ የሚኖረው ግን እስከ ስድስተኛው ዓመት ድረስ ሊከሰስ ይችላል። የፌዴራል ተማሪ ብድር ከነጭራሹ ይርጋ የለውም፤ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ የታክስ ተመላሽን ሊይዝ ይችላል።

በብዙ ስቴቶች ለአሮጌ ዕዳ የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ወይም ዕዳውን በጽሑፍ ማመን ይርጋውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። በስልክ «ለጊዜው ሃያ ዶላር ብቻ ይክፈሉ፤ ቅንነትዎን ያሳያል» የሚባለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። እንደ ሜሪላንድ ያሉ ስቴቶች ይርጋው ካለፈ በኋላ የሚደረግ ክፍያ ክስን እንዳያስነሣ ሕግ አውጥተዋል፤ ሁሉም ግን እንዲህ አላደረጉም። በመሆኑም ይርጋውን ሳያጣሩ አንድ ዶላርም አይላኩ፤ የዴቢት ካርድዎንም ቁጥር በስልክ አይስጡ።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰዎ ግን፣ ዕዳው የቱንም ያህል ቢያረጅ፣ ዝም ብለው አይቀመጡ። ይርጋ መከላከያ የሚሆነው ቀርቦ ለሚያነሣው ሰው ነው፤ ተከሳሹ ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ በሌለበት ይፈርድበታል፤ ከዚያም ከደመወዙ ሊቆረጥ፣ የባንክ ሒሳቡ ሊያዝ ይችላል። ከኅዳር 2021 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ ሰብሳቢ ድርጅቶች ይርጋ ባለፈው ዕዳ እንዳይከስሱና ለመክሰስም እንዳያስፈራሩ ይከለክላል፤ ሆኖም ይህን ለዳኛው የሚያስረዱት እርስዎ ወይም ጠበቃዎ ናችሁ።

ደረጃ 5፦ የሰብሳቢው ደብዳቤ ሲመጣ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሱ

ሰብሳቢ ድርጅት መጀመሪያ ሲያገኝዎ፣ ወይም ካገኘዎ በአምስት ቀን ውስጥ፣ የዕዳውን ዝርዝር የያዘ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ይህን ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን እንደሚቃወሙ በጽሑፍ ከገለጹ፣ ማረጋገጫ እስኪልክልዎ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም ግዴታው ነው። በዚሁ ደብዳቤ የመጀመሪያውን አበዳሪ ስምና አድራሻ፣ የዕዳውንም መነሻ ቀን ይጠይቁ። ሠላሳ ቀኑ ካለፈ መጠየቅ አይከለከልም፤ የማቆም ግዴታው ግን አይኖርበትም። ሰብሳቢው በአካል ወይም በስልክ ሳያነጋግርዎ፣ ወይም ደብዳቤ ልኮ ተመላሽ እንዳልሆነ ለማየት እንደ ደንቡ 14 ቀን ሳይጠብቅ፣ ለክሬዲት ቢሮ ማሳወቅም አይችልም። አድራሻ ሲቀይሩ ለፖስታ ቤት ማሳወቅ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር ቢሆንም፣ ብዙ ሰው ኮሌክሽን እንደገባበት የሚያውቀው ለመኪና ብድር ሲያመለክት የሚሆነው ደብዳቤው የቀድሞ ቤቱ ስለሚቀር ነው።

ደረጃ 6፦ ዲስፒዩት (የመቃወሚያ ደብዳቤ) ይላኩ

መነሻው ቀን ከተዛባ ወይም ጊዜው ካለፈ ስሕተቱ ለሚታይበት ለእያንዳንዱ ቢሮ ለየብቻ ይጻፉ። በኢንተርኔት መላክ ይቻላል፤ እኔ ግን በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመረከቢያ ደረሰኝ ተጠይቆ እንዲላክ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ማስረጃዎን ሁሉ አብረው ማያያዝ ስለሚችሉና ቢሮው የተቀበለበት ቀን በእጅዎ ስለሚቀር ነው። አድራሻው በሪፖርቱ ላይ ተጽፏል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ታሪክዎን፣ ሕመምዎን፣ ከሥራ የወጡበትን ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም፤ ደብዳቤውን የሚያነበው ሠራተኛ የሚያጣራው ቀኑን ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ቢሆንም ይዘቱ ይህን ይመስላል፦ «በሪፖርቴ ላይ በዚህ ድርጅት ስምና በዚህ ቁጥር የተመዘገበውን ዕዳ እቃወማለሁ። የመጀመሪያው መዘግየት ቀን 2022 ተብሎ ተመዝግቧል። ትክክለኛው ቀን ጥቅምት 2016 መሆኑን ከዋናው ኩባንያ የተላከው የተያያዘው ቢል ያሳያል። በፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት መሠረት ይህ መዝገብ ጊዜው ስላለፈ እንዲነሣና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» ሙሉ ስምዎን፣ የትውልድ ቀንዎን፣ አድራሻዎን ይጨምሩ፤ የመንጃ ፈቃድና አድራሻ የሚያሳይ የቢል ቅጂ፣ ስሕተቱ የተከበበበት የሪፖርት ገጽ፣ የማስረጃውም ቅጂ ይያያዙ። ዋናውን ሰነድ በፍጹም አይላኩ። ስምዎ በአንዱ ወረቀት ላይ በአባት፣ በሌላው በአያት ስም የተጻፈ ከሆነ ሁለቱንም አጻጻፍ በደብዳቤው ላይ ይጥቀሱ፤ የእኛ ሰዎች ፋይል ከሌላ ሰው ፋይል ጋር የሚደባለቀው ወይም ማንነታቸው አልተረጋገጠም ተብሎ የሚመለሰው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢሮው ለማጣራት 30 ቀን አለው፤ ሪፖርቱን ያገኙት በነፃው ዓመታዊ መንገድ ከሆነ ወይም መሐል ላይ ተጨማሪ መረጃ ከላኩ እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። አጣርቶ ሲጨርስ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ውጤቱን መግለጽ አለበት። መረጃውን የላከው ድርጅት ካላረጋገጠ መዝገቡ መነሣት አለበት። ተመሳሳዩን ደብዳቤ ለሰብሳቢው ድርጅትም ይላኩ፤ እሱም የማጣራት ግዴታ አለበት።

ደረጃ 7፦ «ተረጋግጧል» ተብሎ ከተመለሰልዎ

ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ማለት ሰብሳቢው የያዘውን ቀን መልሶ ደገመው ማለት ነው። የማጣራቱ ሥራ እንዴት እንደተከናወነ ቢሮውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ይህን የመግለጽ ግዴታ አለበት። ከዚያም ለሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮና ለስቴትዎ ዐቃቤ ሕግ ከነማስረጃው አቤት ይበሉ። ይህም ካልሠራ የሸማቾች ጉዳይ ጠበቃ ያነጋግሩ። ሕጉ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ከ100 እስከ 1,000 ዶላር ካሣ፣ ከዚያ የበለጠ ጉዳት ከደረሰም የጉዳቱን ልክ፣ በተጨማሪም የጠበቃ ወጪ እንዲከፈል ስለሚፈቅድ፣ ከደንበኛው ቅድሚያ ሳይቀበሉ የሚሠሩ ጠበቆች አሉ። ለመክሰስ ያለዎት ጊዜ ጥሰቱን ካወቁበት ሁለት ዓመት፣ ከተፈጸመበት ደግሞ አምስት ዓመት ነው፤ ቀድሞ ያለፈው ይይዛል።

የሕክምና ዕዳ

የሕክምና ዕዳ የራሱ ደንብ ስላለው ለብቻው ማየት ይገባል። ሦስቱ ቢሮዎች ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽንን ወዲያው ያነሣሉ፤ ያልተከፈለውም አንድ ዓመት ሳይሞላው በሪፖርት ላይ አይመዘገብም። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ደግሞ መነሻው ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን ጨርሶ አይታይም። በሪፖርትዎ ላይ 380 ዶላር የሆነ የአምቡላንስ ዕዳ ካዩ ሰባት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ ዛሬውኑ ዲስፒዩት ይላኩ።

በጥር 2025 የሕክምና ዕዳን በሙሉ ከሪፖርት የሚያስወጣ የፌዴራል ደንብ ወጥቶ ነበር፤ በሐምሌ 2025 ቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሽሮታል። በቴሌግራምና በቫይበር «የሕክምና ዕዳ ተሰረዘ» የሚል መልእክት እስካሁን ይዞራል፤ ያንን አምነው ቢል ወደ ጎን የተዉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ኮሎራዶ፣ ኒውዮርክና ሚኒሶታን የመሰሉ ስቴቶች ግን የራሳቸውን ጥበቃ አውጥተዋልና የሚኖሩበትን ስቴት ሕግ ያጣሩ።

ዕዳው ገና ሆስፒታሉ እጅ ላይ ከሆነ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ኮሌክሽን ሳይገባ ማቆም ነው። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች በሕግ የገንዘብ እርዳታ መመሪያ ሊኖራቸው ይገባል፤ ማመልከቻውንም ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለባቸው፤ 120 ቀን ሳይሞላም ዕዳውን ለክሬዲት ቢሮ ማሳወቅ አይችሉም። የቢል ክፍሉን «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ብለው ይጠይቁ፤ አስተርጓሚም እንዲያቀርቡልዎ ይንገሯቸው።

ልክፈል ወይስ ልጠብቅ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ መልሱ እንደ ዕዳው ዕድሜና እንደ ዓላማዎ ይለያያል። ዕዳው የራስዎ ከሆነ፣ ይርጋውም ካላለፈ፣ ሊከሰሱበት ስለሚችሉ መክፈል ወይም መደራደር ይሻላል ባይ ነኝ። መክፈል ግን መዝገቡን ከሪፖርት አያስወጣም፤ ከሕክምና ዕዳ በስተቀር «ተከፍሏል» ተብሎ ሰባት ዓመቱ እስኪሞላ ይቀመጣል። በስኮር ላይ ያለው ለውጥም ስኮሩ በሚሰላበት ቀመር ይወሰናል፦ ፋይኮ 9ና ፋይኮ 10፣ ቫንቴጅ ስኮር 3ና 4 የተከፈለ ኮሌክሽንን አይቆጥሩም፤ በሰፊው የሚሠራበት ፋይኮ 8 ግን መነሻው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢከፈልም ይቆጥረዋል። የቤት ብድር የሚሰጡ ባንኮች ለረጅም ጊዜ የሠሩት ከዚህም ባረጁ ቀመሮች ነው፤ ለቤት እየተዘጋጁ ከሆነ የትኛውን እንደሚጠቀሙ የብድር ሠራተኛውን ሳይጠይቁ ገንዘብ አያውጡ።

ዕቁብ ደርሶዎት በአንድ ጊዜ ለመገላገል ካሰቡ፣ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ስምምነቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በስምምነቱ ላይ የሚከፈለው ድምር፣ ያ ድምር ዕዳውን በሙሉ የሚዘጋ መሆኑ፣ ቀሪው ለሌላ ድርጅት እንደማይሸጥ በግልጽ ይጻፍ። መዝገቡን እንዲያነሡልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ አንዳንድ ሰብሳቢዎች ይስማማሉ፤ በቃል ብቻ የተሰጠ ተስፋ ግን አይያዝም። የተማረልዎ ገንዘብ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ 1099-ሲ የተባለ ቅጽ ሊመጣልዎ ይችላል፤ ያም ገንዘብ እንደ ገቢ ታክስ ሊታሰብበት ስለሚችል ለታክስ ሠራተኛዎ ያሳዩ።

ዕዳው ስድስት ዓመት ካለፈውና ይርጋውም ካበቃ፣ መውጫው እስኪደርስ መጠበቅ ሕጋዊ ምርጫ ነው። ዕዳው ግን በሰባት ዓመት አይሞትም፤ ሰብሳቢው ከዚያ በኋላም ደብዳቤ መላክና መጠየቅ ይችላል፤ እንዳያገኝዎ በጽሑፍ ከከለከሉት ግን ማቆም አለበት።

«ክሬዲትዎን በ30 ቀን አጸዳለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አይስጡ። ሕጉ ለዚህ ሥራ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል፤ የፈረሙትንም ውል በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት አለዎት። ከሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ሌላ አዲስ ቁጥር ሰጥቶ «በዚህ አመልክቱ» የሚልዎ ካለ፣ ያ ወንጀል ነው፤ ወንጀሉም በእርስዎ ስም የሚፈጸም ነው። እሱ የሚሠራውን ሕጋዊ ነገር ሁሉ እርስዎ በፖስታ ዋጋ ይሠሩታል።

መዝገቡ ከወጣ በኋላ

መውጫው ቀን ባለፈ ማግስት ሦስቱንም ሪፖርቶች እንደገና ያውጡ፤ ከሁለት ወር በኋላም ይድገሙት። በዲስፒዩት የተነሣ መዝገብ ተመልሶ ከገባ ቢሮው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊያሳውቅዎ ይገባል። ቢሎችን፣ የፖስታ ደረሰኞችን፣ ከቢሮዎቹ የመጡ መልሶችን አይጣሉ፤ አሮጌ ዕዳ በርካሽ እየተሸጠ ከድርጅት ወደ ድርጅት ስለሚዞር አዲሱ ገዢ የቀድሞውን ታሪክ ሳያውቅ እንደገና ሊመዘግበው ይችላል።

የጎረቤቴ የመብራት ዕዳ ደብዳቤው በደረሰ በአራተኛው ሳምንት ከሦስቱም ሪፖርቶች ወጣ። ዓመት ሳይሞላው ከሌላ፣ ሰምተነው ከማናውቀው ድርጅት፣ ለዚያው ሒሳብ ደብዳቤ መጣ። ያን ቡናማ ፖስታ ከኮሜዲኖው አውጥተው የ2016ቱን ቢልና የቢሮውን መልስ ቅጂ ከመቃወሚያ ጋር በሰርቲፋይድ ሜይል ላኩ፤ በዚህኛው ጊዜ የእኔ ድርሻ አድራሻውን በፖስታው ላይ መጻፍ ብቻ ነበር።